አያ ጎበዜ የዘለሉት አምስተኛ ልጅ

የሰዎቹን ስም ቀይሬያለሁ፤ የከተሞቹን አልቀየርኩም። የቀረው እኔ ባየሁበትና በሰማሁበት ቅደም ተከተል የተጻፈ ነው። ነገሩ ከሆነ ዓመት አልፎታል። እስካሁን የዘገየሁት የሚጻፈውን ከማይጻፈው ለመለየት ጊዜ ስለፈጀብኝ ነው።

ያኔ ማን እንደነበርኩ ላስቀድም። በዘጋቢነት ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ፤ የፍርድ ቤት፣ የድርቅ፣ የጦርነት። በዝግጅት ክፍላችን የምታወቀው በአንድ ነገር ነበር፤ በእኔ ጽሑፍ ላይ ማስተባበያ ወጥቶ አያውቅም። ደንቤ አጭር ነው፦ ሁለት ምንጭ፣ ከዚያ የራስ ዓይን። ሦስቱ ከተስማሙ እጽፋለሁ፤ ካልተስማሙ አልጽፍም። ለጀማሪዎችም የማስተምረው ይህንኑ ነበር። «ነገሩ እውነት መሆኑን አረጋግጡ፤ ከዚያ በኋላ ያለው የእኛ ጉዳይ አይደለም» እላቸው ነበር።

የተወለድኩት ቆቦ ነው። በአሥራ አራት ዓመቴ ወጥቼ አዲስ አበባ ባድግም ዘመዶቼ እዚያው ናቸው። የዚያን ዓመት ፈቃዴን ይዤ የሄድኩት የእህቴ ልጅ ሉባባ ስለጠራችኝ ነበር።

ሉባባ ከአውራ ጎዳናው ዳር ፎቶ ኮፒ ቤት አላት። የተማረችው ኮምፒውተር ነው። ከጦርነቱ ወዲህ ወረቀት የጠፋበት ሰው ሁሉ ወደ እሷ ይመጣ ነበር፤ የልደት ካርድ የሌለው፣ የማን ልጅ መሆኑን የሚያስረዳበት ያጣ። «ሰዉ ሁሉ ዘሩን በቃሉ ያውቃል፤ በወረቀት ግን የለም» ትላለች። ስለዚህ የቤተሰብ ታሪክ በኢንተርኔት የሚመዘገብበት ሶፍትዌር መሥራት ጀመረች። ኮዱ ለማንም ክፍት ነው፤ የፈለገ ያነበዋል፣ ያሻሽለዋል፣ ያሻሻለውን መልሶ ይልክላታል። መዝገቡን ራሱንም ማንም ሰው ሙሉ በሙሉ ወደ ራሱ መገልበጥ ይችላል። «አንድ ቤት ሲቃጠል ሁሉም እንዳይጠፋ ብዬ ነው፣ አጎቴ» አለችኝ። ጥሩ ሐሳብ ነበር። አሁንም ጥሩ ሐሳብ ነው እላለሁ።

ከሩቅ ሆነው የሚያግዟት አራት አምስት ሰዎች ነበሩ። ከሁሉም የምታደንቀው ከማል የሚባል ደሴ የሚያስተምር የኮምፒውተር መምህር ነበር። በአካል አይታው አታውቅም። አንድ ቀን ራሱ ጽፎ የላከላትን ክፍል አሳየችኝ፤ አንድን የዘር ሐረግ «ልከተል» ብሎ ለመረጠ ሰው፣ በዚያ ሐረግ ላይ አዲስ ስም ሲገባ ስልኩ ላይ መልእክት የሚልክ ነው።

«ሠላሳ መስመር ብቻ» አለች፣ በጣቷ እየቆጠረች። «ንጽሕናውን እየው። ምስጋና እንኳ አይፈልግም።»

የእኔ ሥራ ማረም ሆነ። ሽማግሌዎች ሲናገሩ እቀዳለሁ፣ የሚጋጨውን አጣራለሁ፣ የተረጋገጠውን አስገባለሁ። በሙያዬ የለመድኩት ስለሆነ ደስ እያለኝ ሠራሁት።

ሮቢት ወዳሉት አያ ጎበዜ የሄድነው በመጣሁ በአራተኛው ቀን ነው። አያ ጎበዜ ሰማንያ ያለፉ፣ ዘር ቆጣሪ የሚባሉ፣ ሰው ሲገዳደል ደም ለማድረቅ ከሚቀመጡት ሽማግሌዎች አንዱ ናቸው። ከቤታቸው ጀርባ ከቁርቁራ ዛፍ ጥላ ስር ዱላቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ተቀመጡ። ሦስት ሰዓት ያህል ያለማቋረጥ ተናገሩ፤ እስላሙን ከክርስቲያኑ፣ ደገኛውን ከቆለኛው እየፈተሉ። አንድ ቦታ ላይ ግን የሚገርም ነገር አደረጉ።

«ጦይባ ለወዳጆ አምስት ወለደች» አሉ። አራት ስም ጠሩና ወደ ጦይባ እህት ተሻገሩ።

«አያ፣ አምስተኛው ቀረ» አልኳቸው።

«አልቀረም።»

«ስሙን አልነገሩኝም እኮ።»

«ዝለለው።»

«ሞቶ ነው?»

«ጻፍ ያልኩህን ጻፍ፤ ዝለል ያልኩህን ዝለል። እኔም አባቴ ሲያስቆጥረኝ እንዲህ ነው ያስቆጠረኝ።»

ሉባባ ሳቀች። «አያ፣ ኮምፒውተር መዝለል አያውቅም።»

«እንግዲያ ገና ልጅ ነው» አሉ። «ያድግና ያውቃል።»

ሁላችንም ሳቅን። እኔ በማስታወሻዬ ጠርዝ ላይ «ዕድሜ ተጭኗቸዋል፤ ስሙን ረስተዋል፤ ይጣራ» ብዬ ጻፍኩ።

የማጣራው እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ዘዴው በሙያችን የታወቀ ነው። ሰው የማይነግርህን ነገር አትጠይቀውም። ስህተቱን ትነግረዋለህ፤ እሱ ያርምሃል። ያን ቀን ማታ እራት ላይ አክስቴን ከድጃን «የጦይባ የመጨረሻ ልጅ ገና በሕፃንነቱ ሞተ አሉ፤ ያሳዝናል» አልኳት።

«ምን ያለው ሟርተኛ ነው የሞተ ያለው!» አለች። «አራጋው ጎብዬ ሞተር እየጠገነ ይኖር የለም እንዴ!»

ወዲያው ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። «ተወው፣ እንድሪስ። ወሬ ነው። ሌላ አራጋው ነው።»

አፏን መያዟን አይቻለሁ። ማስታወሻዬ ላይም አለ። የጻፍኩት ግን «ምንጭ ሁለት፤ ያለ ማመንታት ተናገረች» ብዬ ነው።

በማግስቱ ጎብዬ ሄድኩ። ከመናኸሪያው አለፍ ብሎ የመስኖ ሞተርና ጀነሬተር የሚጠገንበት ቆርቆሮ ቤት አለ። በሩ ላይ በቀለም «አራጋው መኮንን» ተብሎ ተጽፏል። አርባ አምስት ዓመት የሚሆነው፣ እጁ እስከ ክርኑ ዘይት የነካው፣ ሰው ሲያይ ቀድሞ የሚስቅ ሰው ነው። ሞተር ልገዛ እንዳሰብኩ ነገርኩት። ይህም ውሸት መሆኑ ነው፤ ያኔ ግን ውሸት ብዬ አልቆጠርኩትም። ግማሽ ሰዓት አወራን። እናቱ ጦይባ እንደምትባል ሳያስበው አመለጠው። አንድ ልጅ እንዳለው፣ ይመር እንደሚባል፣ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት እንደሆነ፣ የትኛው ዩኒቨርሲቲ እንደሆነም እየኮራ ነገረኝ።

«የእኔን እጅ አይቶ ነው መሰለኝ ኢንጂነር እሆናለሁ የሚለው። እሱ ይሳለው፣ እኔ ልፍታው ብዬዋለሁ» ብሎ ሳቀ።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ አስገባሁት። አራጋው፣ የጦይባና የወዳጆ አምስተኛ ልጅ። ሥራ፦ የሞተር ጠጋኝ። መኖሪያ፦ ጎብዬ። ልጅ፦ ይመር፣ ተማሪ፤ የሚማርበትንም ቦታ ጨመርኩ። የበሩ ላይ ስም ከአባቱ ስም ጋር ስላልተስማማ ለአንባቢ እንዳይምታታ አንድ ማስታወሻ አከልኩ፦ «በአካባቢው አራጋው መኮንን በሚል ይታወቃል።» ላፕቶፑን ስዘጋ ሥራውን በትክክል የጨረሰ ሰው እርካታ ተሰማኝ።

ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር ነበር።

«ጋሽ እንድሪስ? ይቅርታ በጠዋት ረበሽኩዎት። ከማል ነኝ፤ ከሉባባ ጋር የምሠራው።»

«አውቅሃለሁ፣ በዝና» አልኩት።

«አላህ ያክብርዎት። ትናንት ስላስገቡት ሰው ነበር። አራጋው ወዳጆ የሚለውን። እርስዎ ነዎት ያረጋገጡት?»

«አዎ።»

«ማለቴ... በወሬ ነው ወይስ...»

ይህ ጥያቄ ሁልጊዜ ይነካኛል። «ሁለት ምንጭ አለኝ» አልኩት። «ከዚያም በዓይኔ አይቼዋለሁ። አነጋግሬዋለሁ። እናቱ ጦይባ መሆኗን ከራሱ አፍ ሰምቻለሁ።»

ከጀርባው የታክሲ ረዳት ሲጣራ ይሰማል፤ «ጎብዬ! ሮቢት! ቆቦ! ሁለት ሰው!» ይላል።

«እንዲህ ያለ ሥራ ነው የሚያስፈልገን» አለ ከማል፣ ድምፁ ሳይለወጥ። «አላህ ይስጥዎት። ከሠላሳ ዓመት በላይ የጠፋ ነገር ነው ያገኙት።»

ስልኩን ዘግቼ ዞር ስል አክስቴ በሩ ላይ ቆማለች። የያዘችውን ሰሐን መሬት ላይ አስቀመጠች፤ አልወረወረችውም፣ ቀስ ብላ ነው ያስቀመጠችው።

«የማንን ስም ነው የጠራኸው?»

ነገርኳት።

«ማን ነው የጠየቀህ?»

«ከማል የሚባል መምህር።»

«የማን ልጅ?»

አላውቅም ነበር። ላፕቶፑን ከፍቼ አየሁ። የራሱን ዘር ከሁሉም አስቀድሞ፣ ከሁሉም አብልጦ መዝግቦ ነበር። ከማል ሁሴን። የአባት የሞት ምክንያት በሚለው ቦታ «ተገደለ» ይላል። ሌላ አልጻፈም።

«ሁሴንን የገደለው ወዳጆ ነው» አለች አክስቴ። «በግጦሽ። ከማል ያኔ ሆድ ውስጥ ነበር። ወዳጆ ወደ አፋር ሸሸ፤ ሽማግሌ ሳይቀመጥ፣ ደሙ ሳይደርቅ እዚያው ሞተ። ሌሎቹ አራቱ ሴቶች ናቸው። ደሙ ያለው አራጋው ላይ ነው። ጦይባ በአሥራ ሁለት ዓመቱ ይዛው ጠፋች፤ የአባቱን ስም ትታ በአባቷ ስም አስጠራችው። ይህን የማታውቅ አሮጊት በአገሩ የለችም፤ የምትናገርም የለችም። ለዚህ ነው የሚዘለለው፣ አንተ የተማርክ!»

ይህን ያህል ዘመን ስለ ሰው ጉዳይ ጽፌ፣ የተወለድኩበት አገር ሽማግሌ ስም ዘሎ ሲያልፍ ረስቶ ነው አልኩ። ሌላ አገር ሄጄ ቢሆን ኖሮ ምክንያቱን እጠይቅ ነበር። አገሬን የማውቅ መስሎኝ አልጠየቅሁም።

አክስቴ የአራጋውን ቁጥር ነበራት። ሦስት ጊዜ ደወልን፤ ዝግ ነው። ሉባባ ከሱቋ እየሮጠች መጣች። የአራጋውን ገጽ አጠፋችው። የረዳቱን ጥሪ ሳስታውሰው ግን ከማል ከወልድያ መናኸሪያ ነበር የደወለው፤ ከዚያ ሲመጡ ጎብዬ ከቆቦ ይቀድማል። ሚኒባስ እስኪሞላ መጠበቅ ስለማንችል ባጃጅ ኮንትራት ያዝኩ። ሉባባ ስልኩን መሞከር እንድትቀጥል ትቻት ብቻዬን ወጣሁ።

ሮቢት ስደርስ መወሰን ነበረብኝ። በቀጥታ ባልፍ ሩብ ሰዓት አተርፋለሁ፤ ግን ደርሼ ምን አደርጋለሁ? በደመኛ መካከል መቆም የሚችለው ሽማግሌ ነው። አያ ጎበዜን ለማምጣት ታጠፍኩ።

ስነግራቸው አልተቆጡም። ጫማቸውን ፈለጉ፣ ዱላቸውን ያዙ፣ ባጃጁ ውስጥ ጎንበስ ብለው ገቡ። መንገድ ላይ «የረሳሁ መስሎህ ነበር?» አሉኝ።

«አዎ፣ አያ።»

«ሦስት መቶ ስም ጠርቼልህ አንዱን ረሳ አልክ?»

ማስታወሻዬን አውጥቼ ጠርዙ ላይ የጻፍኩትን ሰረዝኩት።

«በቀኝም በግራም ማሽላው ለፍሬ ደርሷል» አሉ ወደ ውጭ እያዩ፤ ከእኔ ጋር ማውራት እንደተዉ ገባኝ።

ኬላው ላይ ፍተሻ ነበር። ወርደን ተሰለፍን። ፈታሹ ወጣት አያ ጎበዜን አውቋቸው «አባባ፣ ሠርግ ነው እንዴ?» አላቸው። «እንዳይሆን የሚሮጡለት ዓይነት ድግስ ነው» አሉት። ሳቀና አሳለፈን።

ጎብዬ ስንደርስ አራት ሰዓት ሊሆን ነው። የአራጋው ቤት በሩ ክፍት ነው። አራጋው መሬት ላይ ተንበርክኮ የሞተር ክዳን እየፈታ ነው። በሕይወት አለ። ከዚያ ከፊቱ በርጩማ ላይ የተቀመጠውን ሰው አየሁት። ቀጭን፣ መነጽር ያደረገ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ የላፕቶፕ ቦርሳ ጭኑ ላይ ያስቀመጠ። በእጁ የሻይ ብርጭቆ ይዟል። አራጋው ራሱ ነው ያስመጣለት።

«አንተ ሞተር ገዢ!» አለኝ አራጋው ሲያየኝ። «ና ግባ! ዛሬስ ቤቴ በእንግዳ ተባርኳል፤ ይኸ መምህር ከደሴ ድረስ ስለ ሞተር ሊጠይቀኝ መጥቶ።»

አያ ጎበዜ ገብተው ዱላቸውን በሁለቱ መካከል መሬት ላይ አጋደሙት። የአራጋው ፈገግታ እዚያው ቆመ። ዱላ እንዲህ የሚጋደመው በደመኞች መካከል መሆኑን የሚነግረው ሰው አላስፈለገውም። የያዘውን መፍቻ ቀስ ብሎ አስቀመጠና ወደ መምህሩ ዞረ።

«የማን ልጅ ነህ?»

«የሁሴን» አለ ከማል።

አራጋው እጁን በጨርቅ ጠረገ። ረጅም ጊዜ ነው የጠረገው።

«ይኸን ሁሉ ሰዓት ሻይዬን እየጠጣህ?»

«ጥሩ ሰው መሆንህን ማወቅ ፈልጌ ነበር» አለ ከማል። «ነህ።» ከዚያ ወደ አያ ጎበዜ ዞሮ ከመቀመጫው ተነሣ። «አያ፣ ይቀመጡ። እኔ ልገድል አልመጣሁም። መምህር ነኝ። ቢላም የለኝም፤ ቦርሳዬን ይፈትሹ።»

«ታዲያ ምን ልታደርግ መጣህ?»

«እናቴ ልትሞት ነው። አንድ ነገር እንድታውቅ ብቻ ነው።»

ስልኩን አወጣና ደወለ፤ ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፈተው። ከወዲያ በኩል የደከመ የሴት ድምፅ መጣ።

«እማ፣ አግኝቼዋለሁ። ከፊቴ ነው።»

«የወዳጆ ልጅ?»

«አዎ።»

«ይበላል?»

«ይበላል፣ እማ።»

«ይስቃል?»

ከማል አራጋውን ተመለከተው። «ሲስቅ ነው ያገኘሁት።»

ትንፋሿ ይሰማል። «ወንድ ልጅ አለው?»

«አንድ።»

«እሺ» አለች። ስልኩ ተዘጋ።

የአራጋው ሚስት ዘነበች ከጓዳ ወጥታ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ደም እንዳይፈስ ለመለመን መቀነቷን ፈትታ ዱላው ላይ ጣለችው። ሁለት ሰዓት ያህል ተነጋገርን፤ ይልቁንስ አያ ጎበዜ ተናገሩ። ሽማግሌ እንደሚቀመጥ፣ የሁለቱም ወገን እንደሚጠራ፣ እስከ ዓርብ ማንም እጁን እንዳያነሣ። ከማል ማለ። አራጋው ማለ። ከማል ሲምል ድምፁ አልተንቀጠቀጠም፤ ያለውንም ጠበቀ። ያንን መመስከር አለብኝ።

ሸኝቼው ስወጣ ቦርሳውን ትከሻው ላይ እያስተካከለ «ቅር አይበልዎት፣ ጋሼ» አለኝ። «እኔ ቃሌን እጠብቃለሁ። ሊንኩ ግን ከትናንት ማታ ጀምሮ የአጎቶቼ ልጆች ስልክ ላይ ነው። ገጹን ቢያጠፉትም ፎቶ አንስተውታል።»

«የት ናቸው?»

«እሱን አልመዘገብኩም» አለና ወደ መናኸሪያው ሄደ።

አያ ጎበዜ ወዲያው የሁሴን ወገኖች ወደሚኖሩበት ወደ ዞብል ተራራ ግርጌ ሁለት ሰው ላኩ። እዚያ ኔትወርክ በተወሰነ ቦታ ብቻ ነው የሚሠራው፤ መንገዱም ግማሽ ቀን ይፈጃል። አራጋው ከቤት እንዳይወጣ ተማከርን። እሱ ግን ቀልዱ ተመልሶለት ነበር።

«እስከ ዓርብ ተዘግቼ ልቀመጥ? ሙሽራ ነኝ እንዴ?»

«ሦስት ቀን ነው» አልኩት።

«አንተ የጋዜጣ ሰው ነህ አሉ። ሦስት ቀን ውሃ ያጣ ሽንኩርት አይተህ ታውቃለህ?» ከዚያ ቀልዱን ተወና አየኝ። «ለምን አልጠየቅኸኝም? ልጻፍህ ወይ ብትለኝ፣ አይሆንም እልህ ነበር። ሌላ ምንም አልልህም ነበር።»

ይህን በጩኸት ቢለኝ ይሻለኝ ነበር።

ረቡዕ ጠዋት አንድ ደንበኛው ሞተሩ ቆሞበት ደወለለት። ደንበኛው ከነገሩ ምንም የለበትም፤ ሞተሩ በእርግጥ ቆሟል፣ አጣርቻለሁ። አራጋው መፍቻዎቹን በጆንያ ይዞ በእግሩ ወጣ፤ መንገዱ ሃያ ደቂቃ ነው። ሦስት ሰዓት ገደማ ከመስኖው ቦይ ዳር በሁለት ጥይት ተመታ። ሽንኩርት ሲኮተኩቱ የነበሩ ሴቶች ሁለት ወንዶች ወደ ምሥራቅ ሳይሮጡ ሲሄዱ አይተዋል። አያ ጎበዜ የላኳቸው ሰዎች ዞብል ግርጌ የደረሱት እነዚያ ወንዶች ከወጡ በኋላ ነበር። ከማል በዚያ ሰዓት ደሴ ክፍል ውስጥ እያስተማረ ነበር።

ቀብሩ ላይ አፈር ጣልኩ። ማንም አልከለከለኝም፤ ማንም ደግሞ አላናገረኝም። ማታ ሉባባ ፊቷ አብጦ ላፕቶፑን ይዛልኝ መጣች። ሰርቨሩን ሙሉ በሙሉ ዘግታው ነበር። ከሰዓታት በኋላ ግን መዝገቡ እንዳለ በሌላ አድራሻ ተከፍቷል፤ ኮዱም ስሙም ሁሉም እንዳለ ነው። ማንም እንዲገለብጠው የተሠራ ስለሆነ መከልከያ የለውም። የአራጋው ገጽ ተመልሷል። የሞት ቀን በሚለው ቦታ ረቡዕ ተሞልቷል። ሰዓቱም ተጽፏል፣ ቦታውም። እንደ ልማዴ ከያዝኩት ማስታወሻ ጋር አመሳከርኩት። አንድም ስህተት የለበትም። ከስሩ የይመር ስም ከነትምህርት ቤቱ ተቀምጧል፤ እኔ የጻፍኩት ነው፤ እንደጻፍኩት ነው ያለው።

በአገሩ ልማድ አባቱ የተገደለበት ወንድ ልጅ ደም ይመልሳል ተብሎ ይጠበቃል። ስለዚህም የገዳዩ ወገን ሳያድግብን ብሎ ሊቀድመው ይችላል። ይመር አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። የአባቱን ሞት ገና አልሰማም ነበር።

በሦስተኛው ቀን አያ ጎበዜ ወደ ለቅሶው ድንኳን ይዘውኝ ገቡ። ሽማግሌዎቹ በእኔ ላይ ተነጋግረው ነበር። በልማዱ ጠቋሚ ከገዳይ እኩል ነው የሚሉ ነበሩ፤ ሳያውቅ ላደረገ ሰው ይቅር ይባላል የሚሉም ነበሩ። ፍርዱን ለዘነበች ሰጧት። ግንባሬን መሬት አስነክቼ ጠበቅሁ።

«ቀና በል» አለችኝ።

ቀና አልኩ። አላለቀሰችም።

«የጻፍከው ውሸት አለበት?»

«የለበትም።»

«እኔም አንብቤዋለሁ፤ የለበትም። ባሌን እናቱ ሠላሳ ዓመት ደበቀችው፣ እኔ ሃያ ዓመት ደበቅሁት። አንተ በአንድ ሳምንት አወጣኸው። ይቅርታህን አልፈልገውም፤ ምን አደርግበታለሁ?» ወደ እኔ ጠጋ አለች። «ሰው ማግኘት ታውቃለህ። እንግዲህ ሰው መደበቅ ተማር። ልጄን ውሰደው። የት እንዳደረስከው ለእኔም አትንገረኝ፤ እናት ናፍቆት ይጥላታል፣ ትናገራለች። ለሽማግሌም አትንገር። እስክትሞት ድረስ የአንተ ነው።»

አያ ጎበዜ «ተፈረደ» አሉ።

በዚያው ቀን ተነሣሁ። የአባቱን ሞት ለይመር የነገርኩት እኔ ነኝ፤ እንዴት እንደሞተና ስሙ በማን እጅ እንደወጣም ነገርኩት። የመለሰልኝን አልጽፍም።

አንባቢዎቼ፣ ከዚህ በኋላ ብዙ ሰው የሚጠብቀው ሙያዬን እንደተውኩ ነው። አልተውኩም። አሁንም እዘግባለሁ፣ አሁንም ሁለት ምንጭ እፈልጋለሁ። ግን ለጀማሪዎች የምነግረውን አንድ ዓረፍተ ነገር ትቼዋለሁ፤ «ከዚያ በኋላ ያለው የእኛ ጉዳይ አይደለም» የሚለውን። አንድ ሽማግሌ ስም ሲዘል ብዕሬን አስቀምጣለሁ። ሰውየውን ሄጄ «ልጻፍህ ወይ?» እለዋለሁ፤ አይሆንም ካለኝ እዚያው ያበቃል። ሉባባ ሶፍትዌሩን እንደገና ሠርታዋለች፤ በሕይወት ያለ ሰው በአዲሱ ላይ አይታይም፤ አለመመዝገብን የመረጠም ቦታው ባዶ ይቆያል። አሮጌው ቅጂ ግን አሁንም ክፍት ነው። ማን እንደሚያነበው አላውቅም። እናንተም ልትከፍቱት ትችላላችሁ፤ የራሳችሁንም ስም ታገኙ ይሆናል።

ይህን ከሚያነቡት መካከል ከማል እንደሚኖርበት እርግጠኛ ነኝ፤ ጥንቁቅ አንባቢ ነው፣ የምጽፈውንም ያምናል። ስለዚህ ሊያውቅ የሚፈልገውን በግልጽ ልንገረው። ይመር ያን ዩኒቨርሲቲ ለቆ ወጣ። ከእኔ ጋር አንድ ከተማ ድረስ በአውቶቡስ ሄድን፤ መናኸሪያው ላይ ተለያየን። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም፣ ድምፁንም አልሰማሁም። የት እንዳለ አላውቅም።

በሃያ ሦስት ዓመት የጋዜጠኝነት ሥራዬ አውቄ የጻፍኩት ውሸት አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በዚህ ጽሑፍ ውስጥ አለ።